ከዳቦው ቀጥሎ እኔ ተሸጥኩ

እኛ ሰዎች ብዙ ነገር ላንችል እንችላለን። በሰዓቱ መድረስ አንችልም። ስልክ አንድ ጊዜ ብቻ «ቻው» ብለን መዝጋት አንችልም። ምግብ ቤት ገብተን ሳንጓተት ሒሳብ መክፈል አንችልም። ገንዘብ በማዋጣት በኩል ግን ማን ያህለናል? ይህን የምለው በባዶ ሜዳ እየፎከርኩ አይደለም። እዚህ ዳላስና ፎርት ወርዝ መሃል ስንቱ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ የለበሰው፣ ስንቱ አስከሬን አገሩ የገባው፣ ስንቱ የታመመ የታከመው በአንድ ትልቅ ዳቦ፣ በአንድ ማይክሮፎንና አፉ በማያርፍ አንድ ሰው ነው። እነዚህን ሦስቱን ስጡን፤ የአዳራሹን ሰው ኪስ አራቁተን እናሰናብታለን። ሰውየውም እያጨበጨበ ነው የሚወጣው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለኛ ነው።

እንግዲህ ይህን እምነት ይዤ ነው፣ አርሊንግተን ውስጥ ልጄ በምትማርበት ኮሌጅ፣ በወላጆች ስብሰባ ላይ እጄን ያወጣሁት።

ልጄ ቤዛ ትግል ትገጥማለች። አዎ፣ ሴት ናት። አዎ፣ ትግል። ለአገሬ ሰው ስነግር ሁልጊዜ ሁለቴ አዎ ማለት ስላለብኝ ለናንተም አስቀድሜ ልበለው ብዬ ነው። በቴሌቪዥን በወንበር የሚፈናከቱት ዓይነት አይደለም። ምንጣፍ አለው፣ ዳኛ አለው፣ ሕግ አለው። የሌላዋን ሁለት ትከሻ ምንጣፍ ያስነካች ታሸንፋለች፤ በቃ።

ቤዛ ልጅ ሳለች ዝምተኛ ነበረች። እንግዳ ሲመጣ «ጨዋ ናት» እያልን እንኩራራበታለን፤ እንግዳው ሲወጣ ግን እኔና እናቷ ተያይተን እንጨነቃለን። አስተማሪዎቿ ሳይቀሩ ድምፅዋን አያውቁትም ነበር። ሃይስኩል ከገባች በኋላ አንድ ቀን ጉልበቷ ተልጦ መጣችና እራት ላይ ማውራት ጀመረች። እግር እንዴት እንደሚያዝ፣ ወገብ እንዴት እንደሚዞር፣ ከሥር የገባች ልጅ እንዴት ተገልብጣ እንደምትነሳ፤ ሾርባው እስኪበርድ አወራች። እኔ በደስታ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ትግልን በክፉ የሚያነሳ ሰው እኔ ፊት ባያነሳው ይሻለዋል።

ታዲያ በዚያ ስብሰባ ላይ የቤዛ አሰልጣኝ፣ አንገቱ ከጭንቅላቱ የሚወፍር ደግ ሰው፣ ተነሣና ኮሌጁ የትግል ቡድኑን ሊዘጋው መሆኑን ነገረን። ወጪው በዝቶበታል። የሚቀጥለውን ዓመት ወጪ ወላጆችና ወዳጆች ካልሸፈኑ የዘንድሮው ውድድር ሲያበቃ ምንጣፉ ይጠቀለላል። ይህን ሲናገር ያ ሁሉ አንገት እንባ ዋጠ። ወላጆቹ መላ ማምጣት ጀመሩ። አንዷ ብስኩት እንሽጥ አለች። አንዱ መኪና እንጠብ አለ። እኔ አዘንኩላቸው። እንዲህ ያለ ሀብታም አገር ይዘው ገንዘብ ማዋጣት አለማወቃቸው አሳዘነኝ። እጄን አወጣሁና፦

«ኮች፣ ይኼን ነገር ለኔ ተወው» አልኩት።

እጅ ያወጣ ሰው ሊቀመንበር ይሆናል፤ ይህ በነሱም በኛም አንድ ነው።

ቤድፎርድ ቤቴ ስገባ ሚስቴ ወይንሸት ሽንኩርት ትከትፋለች። ወይንሸት ሆስፒታል ነው የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ የታመመ ስታገላብጥና ስታነሣ ውላ ትመጣለች።

«ሊቀመንበር ሆንኩ» አልኳት።

«ደግሞ የምን?»

«የቤዛን ቡድን ሊዘጉት ነው። እናድነዋለን።»

አልተቃወመችም፤ አልደገፈችም። ቢላዋው ግን ለአፍታ ቆመ። «እግዜር ሥራውን ያውቃል» አለችና መክተፏን ቀጠለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወይንሸት ልጇ ስትታገል አይታ አታውቅም። ማለቴ፣ አንድ ጊዜ ሞክራለች። በመጀመሪያው ግጥሚያ አንዲት ቀይ ፀጉር ያላት ልጅ ቤዛ ላይ ስትወጣባት ወይንሸት ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች፤ ስንጨርስ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናው ውስጥ መስኮት ዘግታ ተቀምጣ አገኘናት። «ሰው ልጄን ሲጫናት ቁጭ ብዬ አላይም» አለች፤ በዚሁ አበቃ። ቤዛ ከውድድር ስትመለስ እናቷ የምትጠይቃት ሁለት ነገር ነው፦ «ተጎዳሽ?» እና «በላሽ?» «አሸነፍሽ?» ብላ ጠይቃት አታውቅም። ቤዛም ሳትጠየቅ አትናገርም። ከትግል ወዲህ ለሁሉም ሰው የምታወራ ልጅ ስለ ትግል ለእናቷ አታወራም። እኔ መሃል ቤት ቆሜ ይህን ሳይ ያንገበግበኝ ነበር። ለቤዛ የቀራት አንድ የትምህርት ዓመት ነው። ቡድኑ ከተዘጋ እናቷ ሳታያት ነገሩ አለቀ ማለት ነው። የኔ ሊቀመንበርነት ዋናው ምክንያት ይኼው ነበር፤ ለወላጆቹ ግን አልነገርኳቸውም።

በማግስቱ የሺጥላን ኮል አደረግኩ። የሺጥላ ኤርፖርት ታክሲ የሚነዳ ጓደኛዬ ነው። ማይክሮፎን ሲይዝ ሌላ ሰው ይሆናል። በሠርግ፣ በክርስትና፣ በቤተ ክርስቲያን ጨረታ እሱ ካልመራ ሰው ገንዘቡን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

«ዳቦ አለ?» አለኝ።

«እማማ ዘነበች ይጋግራሉ።»

«ኦኬ፣ እሳቸው ከጋገሩማ ምን ቀረ? አዳራሽ ብቻ ፈልግ።»

የጨረታ ዳቦ ደንቡን ታውቁታላችሁ። ዳቦው ይወጣል፣ ሰው ይጫረታል፣ ያሸነፈው ይከፍላል። ግን ዳቦውን አይወስድም። «ለጨረታው መልሼ ሰጥቻለሁ» ይላል፣ ይጨበጨብለታል፣ ዳቦው እንደገና ይሸጣል። ጥሩ ዳቦ በአንድ ከሰዓት በኋላ ደጋግሞ ይሸጣል። ያልወሰደው ሁሉ ይከበራል፤ የወሰደ ግን እስካሁን አልታየም።

ሰው መጥራቱን ያዝኩት። ፋርመርስ ብራንች ፎርክሊፍት የምነዳበት መጋዘን ውስጥ ያለውን የአገሬን ሰው ሁሉ አዳረስኩ፤ እሁድ እሁድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆምኩ። ለትግል ገንዘብ እናሰባስባለን ስላቸው አንዳንዶቹ የየትኛው ግንባር ነው ብለው ፊታቸውን አጠቆሩብኝ። አንዳንዶቹ ሴት ልጅ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ነገሩን ለማሟሟቅ ብዬ አፌን ከፈትኩት። ትግል በደማችን ያለ ነገር ነው፤ ቤዛ ከየት አመጣችው መሰላችሁ፤ እኔ ልጅ ሆኜ በሰፈራችን የኔን ጠረባ ችሎ የቆመ አልነበረም፤ እንዲህ እግሬን ላክ ሳደርግ ሰውየው ሰማይ ያያል አልኩ። ውሸት አይደለም። ሰፈራችን ትንሽ መሆኑን ብቻ አልጨመርኩም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የኔ ሁለቱም በአንድ ሰሞን ሆነ።

የጨረታው ቀን ቅዳሜ ደረሰ። ኮሌጁ ጂሙን ፈቀደልን። መሃል ላይ ልጆቹ ትግል የሚያሳዩበት ምንጣፍ ተነጠፈ፤ በዙሪያው ጠረጴዛ ተደረደረ። ወይንሸት ምግብ ልታወጣ መጣች። «ወጥ አወጣለሁ፤ ሌላ ነገር ውስጥ አታስገባኝ» ብላኝ ነው የመጣችው። ጠረጴዛዋን ግድግዳው አጠገብ አስቀመጠችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጀርባዋን ለምንጣፉ ሰጥታ ድስት ታማስላለች።

አሜሪካኖቹ ከተባለው ሰዓት ቀድመው መጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው ተቀመጡ፤ እጃቸውን አጣምረው ይጠብቃሉ። የኛ ሰው አንድም አልመጣም። ለየሺጥላ ደወልኩለት።

«መንገድ ላይ ነኝ» አለኝ። የውኃው ድምፅ ይሰማኛል፤ ገና ሻወር እየወሰደ ነው።

አርሊንግተን ባቡር ስለሌለ መኪና የማይነዱትን አዛውንቶች የሚያመጣልን የቤተ ክርስቲያኑ ቫን ነበር። ቫኑ ደግሞ አንዷን አሳፍሮ ሌላዋ ነጠላዋን ፈልጋ እስክታገኝ የሚጠብቅ ቫን ነው። እማማ ዘነበች ዳቦውን በማለዳ አስቀድመው ልከውታል። በኮባ ቅጠል ተጋግሮ፣ የመኪና ጎማ አክሎ፣ ነጭ ጨርቅ ለብሶ መድረኩ ላይ ተቀምጧል። ሽታው ጂሙን ሞልቶታል።

አሰልጣኙ ሰዓቱን እያየ መጣ። «ሰዎቹ መሄድ ጀምረዋል» አለኝ በሹክሹክታ። እውነትም አንዲት ሴትዮ የመኪናዋን ቁልፍ እያሽከረከረች ነው። እኔ እንግዲህ መሪ ነኝ። ማይክሮፎኑን አነሣሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ተረት ያን ጊዜ ትዝ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም።

ዳቦውን ገለጥኩት። ጨረታው ተጀመረ አልኩ። መጀመሪያ ፈዘዙ። ኋላ አንዷ እጅ አወጣች፣ ሌላው ጨመረ። ከፎርት ወርዝ ወዲያ ከብት የሚያረባ አንድ ሰውዬ ነበር፤ ልጁ በቡድኑ ወንዶች ውስጥ በከባድ ሚዛን የሚታገል ነው። እሱ ብቻ ትልቅ ባርኔጣውን ከራሱ ላይ አላወለቀም። ባለባርኔጣው ዳቦውን በዓይኑ እየበላ ጨመረ፣ ጨመረ፣ ሌሎቹ ዝም አሉ። ተሸጠ አልኩ። እኔ በልቤ ገና በአንደኛው ዙር እንዲህ ከሆነ ሐበሾቹ ሲደርሱ ጣሪያ ይነካል እያልኩ ነው።

ባለባርኔጣው መድረኩ ላይ ወጣ። እጄን ጨበጠኝ። ማይክሮፎኑን አፉ ላይ ደቅኜ ቃሉን ጠበቅኩ። «ሽታው ግሩም ነው» አለ። ዳቦውን አቅፎ ወረደ።

ሲቀልድ ነው አልኩ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከኪሱ ሰንጢ አወጣ። እኔ ከመድረኩ ወርጄ እየተንደረደርኩ ሄድኩ፤ ስደርስ የመጀመሪያው ቁራሽ አፉ ውስጥ ነው።

«ጌታዬ፣ ይኼ ዳቦ…» አልኩት።

«ይጣፍጣል» አለኝና ለጎረቤቱ ቆረሰ። ጎረቤቱ ለጎረቤቱ አሳለፈ።

«መመለስ ነበረብህ እኮ።»

«ለምን? ገዛሁት አይደል?»

እውነቱን ነው። ለካ እኛ ያንን ደንብ ለሰው ነግረን አናውቅም፤ ይዘነው የተወለድን ነው የሚመስለን። ሰውየው አሰበና ለኔም ቆረሰልኝ። ቀጥሎ የኮባ ቅጠሉም ይበላ እንደሆነ ጠየቀኝ።

ዳቦው ከአንድ ዙር በኋላ ፍርፋሪ ሆነ። የሚያስቀኝ ነገር፣ በሩ ተከፍቶ የኛ ሰው የገባው ልክ ያን ጊዜ ነው። ነጠላው፣ ሽቶው፣ ሰላምታው፣ መሳሳሙ፣ ጂሙ በአንድ ጊዜ ሞላ። እማማ ዘነበች ምርኩዛቸውን ይዘው በቀጥታ ወደ መድረኩ መጡ።

«እንደምን ዋልክ ልጄ። ዳቦዬ ስንተኛ ዙር ላይ ነው?»

«እማማ፣ አንድ ዙር ሄዷል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ… ተበላ።»

«ማን በላው?»

በጣቴ አሳየኋቸው። ባለባርኔጣው ከጢሙ ፍርፋሪ እያራገፈ ባርኔጣውን ብድግ አድርጎ ሰላም አላቸው። እማማ ለረጅም ጊዜ አዩት።

«እኔ ዳቦ መጋገር ከጀመርኩ ስንት ደብር ተሠራበት» አሉ። «ለጨረታ ወጥቶ የተበላ ዳቦ ግን የለኝም።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ጣፈጠው ወይ?»

«በጣም። ቅጠሉን ሁሉ ሊበላ ነበር።»

ፊታቸው ፈታ አለ። «ጨው በዝቶበት ይሆን ብዬ ስሰጋ ነው የኖርኩት። እስከ ዛሬ ቀምሶ የነገረኝ የለማ» አሉና ሄደው ባለባርኔጣው አጠገብ ተቀመጡ። ቋንቋ አይግባቡም፤ እስከ መጨረሻው ግን አልተለያዩም።

የሺጥላ ፀጉሩ እንደረጠበ መድረኩ ላይ ወጣ።

«ሊቀመንበር፣ ዳቦው የታለ?»

ነገርኩት። ሰውን አየ። ባዶውን ትሪ አየ። ምንጣፉን አየ። መጨረሻ ላይ እኔን አየኝ፤ ያን አስተያየት በሠርግ ቤት አውቀዋለሁ።

«ክቡራትና ክቡራን!» አለ። «ዳቦው ቢያልቅ ሰው አለን። ሊቀመንበራችን በልጅነቱ በጠረባ የሚችለው አልነበረም ሲለን ከርሟል። ይኼን ያልሰማ ሰው አለ?»

የሰማ እንጂ ያልሰማ አልተገኘም።

«ሊቀመንበሩ ዛሬ እዚች ምንጣፍ ላይ ወጥቶ እንዲታገል፣ ከራሴ መቶ ዶላር!»

ጭብጨባው ጂሙን አናጋው። ይህንንም ደንብ ታውቁታላችሁ። እገሌ እንዲጨፍር ይባላል፤ እገሌ ደግሞ እንዳልጨፍር ብሎ አብልጦ ይከፍላል። የሚያስጨፍረውም የሚያመልጠውም ሁሉም የጠራውን ይከፍላል። እኔ ስንቱን ሰው በዚህ መንገድ አስጨፍሬያለሁ። ተራዬ ይመጣል ብዬ ግን አላሰብኩም።

«እንዳልታገል፣ እጥፍ!» አልኩ ኮራ ብዬ።

ከመጋዘኑ የመጡት የሥራ ጓደኞቼ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠዋል። ተያዩ። እንዲታገል ብለው ተሰባስበው ጨመሩ። እኔ እንዳልታገል ብዬ ጨመርኩ። የቤተ ክርስቲያኑ የሰንበቴ ማኅበር ተነሣ። እንዲታገል! የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ እኔ ገና ሳልወድቅ ነው የበዛብኝ።

አሜሪካኖቹ ግራ ገባቸው። አሰልጣኙ ቤዛን ጠርቶ ምን እየሆነ ነው አላት። ቤዛ የቡድኑን ልብስ ለብሳ ቆማለች። ሰዎቹ አባቴ እንዲታገል ይከፍላሉ፤ አባቴ እንዳይታገል ይከፍላል አለችው።

«ታዲያ ገንዘቡን ማን ይወስደዋል?»

«ሁሉም ለኛ ነው።»

«የተሸነፈውም ይከፍላል?»

«ሁሉም ይከፍላል።»

አሰልጣኙ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ባለባርኔጣው ግን ነገሩ ሲገባው ዓይኑ በራ። ከእማማ ዘነበች አጠገብ ተነሣና እንደ ምንም ብሎ በራሳችን ቋንቋ «ኢንዲታጌል» አለ፤ እማማ መሆን አለባቸው ያስጠኑት። ደግሞ የጠራው ገንዘብ የዋዛ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ብስኩት እንሽጥ ያለችው ሴትዮ ተነሣች። መኪና እንጠብ ያለውም ተነሣ። ጂሙ ሙሉ በአንድ ድምፅ እንዲታገል ይላል፤ እኔ ብቻዬን እንዳልታገል እላለሁ። በውስጤ ሁለት ሰው ነበረ። ሊቀመንበሩ በደስታ ሊሞት ነው፤ ሰውየው ግን እንዲያው ሊሞት ነው። እልኸኛ ስለሆንኩ አልተበገርኩም። የተበገረው የባንክ ካርዴ ነው።

አንድ መውጫ ቀርቶኛል፤ ቤተሰብ። ሰው ሲያዝ ቤተሰብ ይዋጀዋል። የሺጥላም ያውቃልና ማይክሮፎኑን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«እህቴ ወይንሸት፣ ባልሽን ታድኚዋለሽ ወይስ ሰጥተሽናል?»

ወይንሸት ጭልፋዋን አስቀመጠች። እጇን በሽርጧ ጠረገችና ዞረች። በዚያን ቀን ፊቷን ወደ ምንጣፉ ስታዞር የመጀመሪያዋ ነው። እኔ ትንፋሼ ተመለሰ። ወይንሸት እየተቆጣችም ቢሆን ትወደኛለች።

«ከማን ጋር ነው የሚታገለው?» አለች።

የሺጥላ ይኼን አላሰበበትም ነበር። ወዲያ ወዲህ አየና የባለባርኔጣውን ልጅ አሳያት። ልጁ ፍሪጅ ያክላል። ስሙ መነሣቱን ሲያውቅ አንገቱን ቀጭ ቀጭ አደረገ። ወይንሸት ልጁን አየችው። እኔን አየችኝ። ከዚያ በምንጣፉ ጫፍ የቆመችውን ልጇን አየቻት፤ ዓይኗንም ከሷ ላይ ሳታነሣ ቆየች። ቤዛ መሬት መሬት ታያለች።

«ከቤዛ ጋር ይታገል» አለች ወይንሸት። የጠራችው ገንዘብ እስከዚያ ከተጠራው ሁሉ በላይ ስለነበረ የሺጥላ እንኳ ለመድገም ምራቁን ዋጠ። እኔ ሚስቴ እንዲያ ያለ ገንዘብ እንዳላት የዚያን ቀን ነው የሰማሁት።

«ማሚ?» አለች ቤዛ።

«ምን? አልችልም ልትዪ ነው?»

«ኖ፣ ማለቴ… ዳዲን? ሹር ነሽ?»

«ጫማሽን እሰሪ» አለቻት።

ቡድኑ መትረፉን አሁኑኑ ልንገራችሁና ልገላገል። የዚያን ቀን የተገኘው የሚቀጥለውን ዓመት ሸፈነ፤ ኮሌጁም ቃሉን ጠብቆ ቡድኑ እንዲቀጥል ፈቀደ። ይህን የነገረኝ አሰልጣኙ ራሱ ደውሎ ነው። ሊቀመንበርነቴ በክብር ተፈጸመ። አሁን ወደ ምንጣፉ ልመለስ፤ እዚያ እንደምትጠብቁኝ አውቃለሁ።

የሰው ጫማ ተውሼ ወጣሁ። ከሸሚዜ በታች ሆዴ ቀድሞኝ ነው ምንጣፉ ላይ የደረሰው። አሰልጣኙ ፊሽካ ይዞ ዳኛ ሆነ። ከቤዛ ጋር ተጨባበጥን። ጆሮዬ ሥር ተጠግታ፦

«ዳዲ፣ ሪላክስ አድርግ። ኔክህን፣ አንገትህን ብቻ አታደርቅ። ቀስ ብዬ ነው የምጥልህ» አለችኝ።

«አንቺ ለራስሽ እወቂ» አልኳት።

ፊሽካው ተነፋ። ልንገራችሁ፣ ጠረባው አልጠፋኝም። እግሬን እንደ ድሮው ላክ አደረግኩት። ችግሩ እግሬ በደረሰበት ቦታ ላይ ቤዛ አልነበረችም። በቅጽበት ከሥሬ ገባች፣ ወገቤን ያዘች፣ ምድር ከእግሬ ሥር ሄደች። ቀጥሎ ያየሁት የጂሙን ጣሪያ ነው። ብረቱ መሃል ማን እንደሰቀላት የማይታወቅ አንዲት ቢጫ ኳስ ተቀርቅራለች። እኔ ጀርባዬ ላይ ነኝ፤ ልጄ ደረቴ ላይ ናት። ጥንካሬዋ አስደነቀኝ። ከሾርባው ቀን ጀምሮ ስታወራልኝ የኖረችው ነገር ሁሉ ይኼ ነው ለካ፤ ስሰማው እንጂ ሲደርስብኝ አይቼው አላውቅም ነበር። አንዱ ትከሻዬ ምንጣፉን ነክቷል፤ ሌላው ግን ገና አልነካም። አልሰጥም ብዬ በክርኔ ተደግፌያለሁ።

«ኧረ አባትሽ ነው አንቺ ልጅ!» ይላሉ እማማ ዘነበች። የሺጥላ ማይክሮፎኑን ይዞ እንደ እግር ኳስ ያስተላልፋል። ሰው ይጮኻል፣ ያፏጫል። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ግን አንድ ድምፅ ከጎኔ፣ ከምንጣፉ ጫፍ መጣ።

«ቤዛዬ፣ አትልቀቂው! ተጫኚው!»

አንገቴን ጠምዝዤ አየሁ። ወይንሸት ናት። ሽርጧን እንደታጠቀች ተንበርክካለች፤ በሁለት እጇ ምንጣፉን ትደበድባለች። ፀጉሯ ተበትኗል። «በርቺ የኔ ልጅ! በርቺ!» ትላለች፤ እንባዋ ደግሞ በጉንጯ ይወርዳል፤ እሷ አላወቀችውም።

ቤዛም ሰማቻት። የያዘኝ እጇ ላላ። ቀና አለችና ዞራ እናቷን አየች፤ እኔን ረሳችኝ። ይህች ልጅ ስንት ዓመት ስትታገል ያንን ድምፅ ከሰው መሃል ሰምታው አታውቅም።

ትግል የሚያውቅ ሰው ይፍረድ። ያን ጊዜ ብገለበጥ መነሣት እችል ነበር። ክንዷ ላልቷል፣ ዓይኗ እኔ ላይ የለም፣ ሚዛኗ ሄዷል። ማንም ታጋይ እንዲያ ያለ ዕድል አያሳልፍም፤ እኔ ደግሞ በሰፈሬ የሚችለኝ አልነበረም። ሁለተኛውን ትከሻዬን ራሴ አወረድኩት። ጀርባዬን ምንጣፉ ላይ ለጥፌ፣ እናቷን አይታ እስክትጠግብ ጠበቅኳት።